የጉሮሮ ሐቅ

ሐጂ ሸምሱ የሞቱ ዕለት እኔ ኮተቤ አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የውሃ ታንከር እገጥም ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ አላነሳሁም። ደግሞ ጮኸ። በአራተኛው እጄን በሱሪዬ ጠራርጌ አነሳሁት። የሐጂ ባለቤት እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ታደሰ፣ ሐጂ ወደ አኼራ ሄደዋል። ጠዋት ቀበርናቸው» አሉኝ። በሙስሊም ሥርዓት ሬሳ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ግን ደሜ ፈላ። «እንዴት ሳይነግሩኝ! እኔ ባዕድ ነኝ?» ብዬ ጮህኩ፤ በሐዘንተኛ ላይ፣ በእናቴ እኩያ ላይ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «አንተ መች ትመጣለህ ብለን» አሉና ዘጉት።

እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ለምን እንዳልረገጥኩ እናገራለሁ፤ ወድጄ ግን አይደለም። እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ጽሑፍ ሥራዬ አይደለም። ሆኖም ስለዚያ ሰው አንዱ እውነቱን ካልተናገረ ተከትሏቸው የሚቀረው ሐሜቱ ብቻ ነው፤ እውነቱን የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ።

ያወቅኳቸው በሥራ ነው። ቤታቸው ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በዚያ በኩል የምትመላለሱ ከሆነ ስንቴ አልፋችሁታል፤ ግን አላያችሁትም። ከውጭ የሚታየው የዛገ የቆርቆሮ በርና ልስኑ የረገፈ የጭቃ አጥር ነው። «ቧንቧ ያንጠባጥባል» ተብዬ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን፣ እዚህ ቤት ምን ሊኖር ነው ብዬ በልቤ ንቄ ነው የገባሁት። ከበሩ ቀጥሎ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ አለች። እሷን ዞርኩና ቆምኩ።

ግቢው ትልቅ አይደለም። ሁለት ቀጫጭን ቦዮች መሀሉ ላይ ተሻግረው ለአራት ይከፍሉታል፤ በሚገናኙበት ቦታ የአንድ ክፍል ወለል የምታህል ገንዳ አለች። የእግር መንገዱ ከመደቦቹ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ አበባው ከሥርህ ነው፤ ምንጣፍ ላይ የምትሄድ ይመስልሃል። በአንዱ ሩብ ኮክና ፖም፣ በአንዱ ጽጌረዳ፣ በአንዱ ናና፣ በሶብላና ጤና አዳም፣ በአራተኛው አንድ አሮጌ ወይራ ከነጥላው። ውጭ ወደ እንጦጦ ፓርክ ለሽርሽር የሚወጣው መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ ውስጥ ግን የሩቅ አገር ድምፅ ይሆናል። እኔ ጯሂ ሰው ነኝ፣ ሚስቴም ትመሰክራለች። እዚያ ግን ድምፄ ራሱ ዝቅ አለ።

«ሐጂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል እንዴ? አጥሩን ዝቅ ቢያደርጉት አገር ያየው ነበር» አልኳቸው።

«ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ ነው የሚያዞር» አሉኝ። «ለአላፊ አግዳሚ ማጌጥ ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም።»

ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። አንድ እጃቸውን ሁልጊዜ ወገባቸው ላይ ያሳርፋሉ። አፈሩ ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ትንሿን ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይሰኩና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ምኑን እንደሚያዳምጡ እንጃ። የወሎ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ወደ የመን ተሻግረው ከአንድ መስጊድ ጓሮ አትክልተኛ ሽማግሌ ዘንድ ስንት ዓመት አገልግለዋል። እዚያ ምእመኑ ለሶላት እጅ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ በቦይ ወርዶ አትክልት ያጠጣ ነበር አሉኝ። እሳቸውም ቤታቸው ውስጥ ውዱእ የሚያደርጉት ከናናው መደብ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብለው በአንዲት ትንሽ ማንቆርቆሪያ ነበር። የማንቆርቆሪያዋ ውሃ ለአንድ እግሬ እንኳ አይበቃኝም፤ እሳቸው ግን ጨርሰው የተረፈውን ለበሶብላው ያንጠፈጥፋሉ። ወንዝ ዳር ቆመህ እንኳ ውሃ አታባክን ተብለናል ይሉ ነበር።

ከቦዮቹ አንዱን እንደ አዲስ ስሠራላቸው ሦስት ጊዜ አስፈርሰውኛል። ምክንያቱም እኔ የቱቦ ሰው ነኝ፤ ውሃ በኃይል ሲሄድልኝ ደስ ይለኛል። እሳቸው ደረቅ ቅጠል ቦዩ ላይ ጣል ያደርጉና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አብረዋት ይራመዳሉ። «ቅጠሏ ከቀደመችኝ ቁልቁለቱ በዝቷል። እኔ ከቀደምኳት አንሷል» ይላሉ። ሦስቱንም ጊዜ ቀደመቻቸው። «ሐጂ፣ እርስዎ አርጅተው ነው እንጂ ቦዩ ደኅና ነው!» ብላቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም። ከዚያ «አፍርሰው» አሉኝ። በአራተኛው እሳቸውና ቅጠሏ ገንዳው ጋ እኩል ደረሱ። ሥራዬን ወድጄው የማላውቀውን ያህል ያን ቀን ወደድኩት።

አንድ ቀን ገንዳዋ ዳር ተቀምጠን፣ «ለምን አራት? ሦስት ቢሆን ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ጀነት ውስጥ አራት ወንዝ አለ። የውሃ፣ የወተት፣ የማር፣ ደግሞ የማያሰክር ወይን።»

«የኛም መጽሐፍ ላይ ከኤደን የሚወጣ አራት ወንዝ አለ» አልኩ። ጴንጤ ነኝ፤ ዘፍጥረትን በቃሌ ነው የማውቀው።

«ታዲያ ምን ትጨቀጭቀኛለህ?»

«ወተቱና ማሩ የታለ ብዬ ነዋ!»

«እሱን እዚያ ስንደርስ። እዚህ በውሃው እንጀምር፤ እሱንም በቅጡ ከያዝነው።»

የወደቀ ቅጠል አያስቃጥሉም፤ ከሥሩ ይመልሱለታል። ከኮኩ አናት ላይ ያለውን ፍሬ አይለቅሙም፤ የወፍ ነው። ለሁሉም ነገር «ሐቅ አለው» ይላሉ። የውሃ ሐቅ ደግሞ ተራ አለው። መጀመሪያ የጉሮሮ ሐቅ፣ ቀጥሎ የኮቴ ሐቅ፣ በመጨረሻ የሥር ሐቅ። ሰው ሳይጠጣ አህያ አይጠጣም፣ አህያ ሳይጠጣ ጽጌረዳ አይጠጣም። ይሄን በአፍ ብቻ የሚሉት እንዳይመስላችሁ። ውሃው የሚመጣው ከግቢው አናት ካለች ምንጭ ነው፤ መጀመሪያ የሚገባው ግን ወደ ቦዮቹ አልነበረም። በመንገዱ በኩል ካለው አጥር ሥር ባለች የድንጋይ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፤ ከሷ ወደ ውጭ ለመንገደኛ ቧንቧ ይወጣል። የተረፈው ለአህዮቹ ገንዳ ነው። ከዚያ የተረፈው ነው ወደ አትክልቱ የሚዞረው።

ያቺን የመንገደኛ ቧንቧ የገጠምኳት እኔ ነኝ። እንጦጦ ጫካ ገብተው ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመው የሚወርዱት ሴቶች እንዲጠጡ ነበር ሐሳባቸው። ገጥሜ ጨርሼ ዕቃዬን ስሸክፍ ሐጂ፣ «ቆይ እስቲ» አሉኝ። ሁለት ቀን አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ሲያዩ ሰነበቱና ጠሩኝ። «ታደሰ፣ ይሄ ቧንቧ ውሸት ነው» አሉኝ።

«እንዴት ውሸት ይሆናል? ውሃ ይወርዳል እኮ!»

«ማን ይጠጣዋል? ሸክማቸውን ካወረዱ መልሶ የሚያሸክማቸው የለም። እያዩት በጥማት ያልፋሉ።»

በማግስቱ ጫልቱ የምትባለውን አስቆሟት። ጫልቱ ከእንጨት ተሸካሚዎቹ ሁሉ ምላሰኛዋ ናት፤ እኔን ስታገኘኝ «አንተ ቧንቧው» እያለች ነው የምትጠራኝ። ሐጂ እሷን ለመንካት አፍረው እትዬ ዘሃራ ሲባጎ ይዘው ወጡና ከመሬት እስከ ሸክሟ ግርጌ ለኩ። «ምነው ሐጂ፣ ቀሚስ ሊያሰፉልኝ ነው እንዴ?» ብላ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀችው። በዚያ ልክ ከቧንቧው አጠገብ የድንጋይ መደብ አሠሩ። ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሸክሙን ድንጋዩ ላይ ያሳርፉታል፣ ገመዱን ፈታ ያደርጋሉ፣ ይጠጣሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ከዚያ ማንንም ሳይለምኑ ብድግ ብለው ይሄዳሉ። ጫልቱ መጀመሪያ የጠጣች ቀን የመረቀቻቸው ምርቃት በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አለቀ። ሐጂ ኦሮምኛ አይሰሙም፤ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። «ዕድሜዎ እንደዚህ ውሃ አይለቅ አለች» አልኳቸው። «አሚን» አሉ።

እንግዲህ ወደ ጣጣዬ ልምጣ።

ምንጯ የምትወጣው ከአንድ ቋጥኝ ሥር ነው። ዓይኗ ጡጫ ታህላለች። በዓመት አንዴ ክረምቱ ሲወጣ ሐጂ ይንበረከኩና ደለሉን በእጃቸው ይጠርጋሉ፣ የገባውን ሥር በጥፍራቸው ይነቅላሉ። አካፋ ቀርቶ ማንኪያ አያስጠጉም። «ብረት አይነካትም» ይላሉ፤ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እኔ ደግሞ እዚሁ የካ ተራራ ሥር ነው ያደግኩት። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ቤታችን አማርኛም ኦሮምኛም ይነገርበታል። ልጅ ሆኜ ምንጭ ዳር ቅቤ ሲቀባ፣ ቄጤማ ሲጎዘጎዝ፣ «የምንጩ ባለቤት እንዳይቆጣ» ሲባል አይቻለሁ። ጌታን ስቀበል ያንን ሁሉ እርግፍ አድርጌ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ሐጂ «ብረት አይነካትም» ባሉ ቁጥር እኔ ጆሮ የሚደርሰው ጂኒና ቆሌ ነው። እኚህን የመሰሉ አዋቂ ሰው በዚህ ይታሰሩ እያልኩ አዝንላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ለምን?» አላልኩም። ሌላ ጊዜ አፌ መች ዝም ይላል? እዚያ ላይ ዝም አለ።

ምንጯ እየደከመች ሄደች። ሐጂ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጆግ ደቅነው በመቁጠሪያቸው ሱብሐነላህ እያሉ ነበር የሚለኳት። ስንተዋወቅ ሠላሳ ሦስቱ ሳያልቅ ጆጓ ትሞላ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስልሳ ስድስት ሆነ። ከዚያ ዘጠና ዘጠኙ አልቆ ጆጓ ገና ግማሽ። «ባሕር ዛፉ ከላይ ይጠጣል፣ አዲሶቹ ቤቶች የሚያስቆፍሩት ጉድጓድ ከታች ይጠጣል፤ እኛ መሀል ነን» አሉኝ። እኔም «ዓይኗን ከፈት እናድርጋት፣ ደለል አፍኗት ነው» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብረት አይነካትም።»

አንድ የመጋቢት ዓርብ ሐጂ ለጁምዓ መስጊድ ሲወርዱ ጠብቄ ዲጂኖዬን ይዤ ገባሁ። እትዬ ዘሃራ ከማድ ቤት ብቅ ብለው፣ «ኧረ ሐጂ ይምጡ!» አሉ። «ሲመጡ አይተው ይደሰታሉ» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ልቤ እንደዚያ ነበር ያለው። ሲመለሱ ውሃው ሞልቶ ያገኙታል፣ ያቺን ድምፅ የሌላት ሳቅ ይስቃሉ፣ እኔም «አዩ ሐጂ፣ ጌታ ከጂኒ ይበልጣል» እላለሁ። ይሄን ሁሉ አስቤ ከዓይኗ ሥር ያለችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈነቀልኳት።

ወጣ! ክንድ የሚያህል ውሃ ገንፍሎ ወጣ። ማጠራቀሚያው ሞላ፣ ቦዮቹ ሞሉ፣ ገንዳዋ አፏ ላይ ደረሰች። ጫልቱ ከአጥር ውጭ፣ «አንተ ቧንቧው! ምን ጉድ ነው፣ እግሬን አራስከው እኮ!» ስትል እኔ ሃሌ ሉያ እያልኩ አጨበጭባለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል መስማቴን ያን ሰዓት የት እንደጣልኩት እንጃ።

ሐጂ ገና ከበሩ የውሃውን ጩኸት ሲሰሙ ሮጡ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ዲጂኖውን አዩ። ተንበርክከው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ዓይኗ ውስጥ አስገቡና ብዙ ቆዩ።

«ጠፍጣፋዋን ድንጋይ አነሳሃት?»

«አዎ ሐጂ! ይኸው እንግዲህ፣ ጂኒም የለ፣ ምንም የለ…»

«ምን ጂኒ?» አሉኝ። የእውነት ግራ ገብቷቸው ነው ያዩኝ። «ከሥሯ ያለው ጭቃ ስስ ነው። ውሃውን ተሸክሞ ወደኛ የሚልከው እሱ ነው። በብረት ከተወጋ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል። የመን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ያሳዩኝ ይሄን ነው። እኔ ጂኒ መች አልኩህ?»

«አልነገሩኝም እኮ!»

«አልጠየቅከኝም።»

ቅዳሜ ግማሽ ሆነ። እሑድ ከቸርች ስመለስ ድፍርስ ነበር። ሰኞ ጆጓን ደቀኑ፤ ዘጠና ዘጠኙን ጨርሰው እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ጨረሱ። የጆጓ ወለል እርጥብ ብቻ ነበር። ሸክላ አፈር አምጥቼ ጠቀጠቅኩ፣ ሲሚንቶ አፈሰስኩ፣ ጾምኩ ጸለይኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመውንም አላገኘሁ። ክረምቱ ሲመጣ ይመለስ ይሆናል ብለን ጠበቅን። ነሐሴ ላይ ትንሽ አለቀሰችና መስከረም ሳይጠባ ጨርሳ ዝም አለች።

በዚያ ሰሞን እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ብብቴን ይዘው አነሱኝ። «የሥሩን ይቅር ብዬሃለሁ፣ እሱ የኔ ነው» አሉኝ። «የጉሮሮው ግን የኔ አይደለም። የሰው ሐቅ ላይ ይቅርታ ልሰጥህ አልችልም። ሴቶቹ ሲወርዱ ጠብቅና ንገራቸው።»

«እሺ» አልኩ። አልነገርኩም።

ጫልቱን ፈራኋት፣ ምላሷን። ያ ሁሉ መንገደኛ የሚስቅብኝ መሰለኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፤ ነገ ደግሞ ሥራ አለብኝ አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጣም።

ሐጂ በዚያ መሀል ሌላ ሥራ ጀምረው ነበር። የከተማው ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይቀራል። ሲመጣ ቢጫ ጄሪካኖች ይሞላሉ። አንድ ጠዋት ስገባ አንዱን ጄሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው፣ በየሁለት እርምጃው እያሳረፉ ሲሄዱ ደረስኩ። ሰባ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ተቀብዬ ወደ ጽጌረዳው ልወስድላቸው ስል፣ «ወዴት?» አሉኝ። ለካ የሚወስዱት ወደ ድንጋይ ማጠራቀሚያው ነው፤ ለመንገደኛው ቧንቧ። ናናው አልቋል። በሶብላው ገለባ ሆኗል። ጽጌረዳው ከማጠራቀሚያው አራት እርምጃ ላይ ቆሞ ይረግፋል።

«ሐጂ፣ አንድ ጆግ እንኳ ለጽጌረዳው! አርባ ዓመት የደከሙበት ነው!»

«ተራው አልደረሰም» አሉኝ። ከዚያ ጄሪካኑን እያንጠፈጠፉ፣ «ነገርካቸው?» አሉኝ።

«ዛሬ ሥራ በዝቶብኝ ነው ሐጂ።»

በሌላ ቀን ስሄድም «ነገርካቸው?» አሉኝ። ሌላ ውሸት ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ ስሄድ አልጠየቁኝም። ስለ ሚስቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቁኝ፤ ያንን ግን አልጠየቁኝም። እጄን ሰብረውት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ መንገድ ዞሬም አላየሁ። የፈረንሳይ ሥራ ሲመጣልኝ እንኳ ለሌላ ሰው አሳልፌ እሰጥ ነበር።

እንግዲህ ከቀብሩ በማግስቱ ለለቅሶ ሄድኩ። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ግቢውን አየሁት፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር። ገንዳዋ ውስጥ አፈር ተከማችቷል። ኮኩና ፖሙ ቆመው የደረቁ ጭራሮ ናቸው። ወይራዋ ብቻ በአንድ በኩል አረንጓዴ አላት። እትዬ ዘሃራ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና እጃቸውን ሳምኩ፤ አልቆጡኝም። «ስምህን አንድ ቀን በክፉ አላነሱም» አሉኝ። ልጃቸው ወደ ደሴ ልትወስዳቸው እንደሆነ፣ ቤቱም የሌላ ሰው እንደሚሆን ነገሩኝ። «ጄሪካኑን እኔ አልችለውም፣ ታደሰ» አሉ። አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ስወጣ ጫልቱ ከድንጋይ መደቡ ጋ ቆማለች። ሸክሟን አሳርፋለች፤ ግን ቧንቧውን አልነካችም። ፀጉሯ ሸብቷል። ሰው ሲገባ ሲወጣ አይታ ነው መሰል፣ «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

«ሐጂ።»

«እግዜር ይማራቸው» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች።

«ምነው ጫልቱ?»

«ምን ልበል? ውሃ የዘጋብን ሰው ናቸው» አለች።

ጆሮዬን አላመንኩም። «ማን ነው የዘጋው?»

«እሳቸው ናቸዋ! ጠዋት ትንሽ ይለቁልናል፣ ረፋድ ላይ ይዘጉታል። ውሃው ወደ ውስጥ ለአበባቸው ይሄዳል። ይሄን የማያውቅ እንጨት ተሸካሚ የለም። ስንት መርቄያቸው! ሲያረጁ ነፈጉ። ሁለት ዓመት ሰላም ብያቸው አላውቅም። አንድ ቀን እንዲያውም እዚችው በር ላይ አግኝቼ፣ ውሃ የከለከለ ውሃ ይከልክለው አልኳቸው፤ ፊት ለፊታቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ምን ይላሉ? አሚን አሉ።»

ቢነግሯት እኮ ይችሉ ነበር። «ታደሰ ነው ያደረቀው» ቢሉ አንድ ቃል ነው። በሩን ከፍተው የደረቀውን ጽጌረዳ ቢያሳዩአት በቂ ነበር። እኔ ራሴ መጥቼ እስክናገር ነው የጠበቁት፤ እኔ ደግሞ አልመጣሁም።

«ነይ ግቢ» አልኳት። ሸክሟን ድንጋዩ ላይ ትታ ተከተለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ አጥር ሥር ስትጠጣ ውስጡን አይታው አታውቅም። ጠባቧን መተላለፊያ ዞረን ገባን። ጫልቱ ቦዩን አየች፣ ገንዳዋን አየች፣ ያንን ሁሉ ጭራሮ አየች። ከማጠራቀሚያው አጠገብ ቢጫዎቹ ጄሪካኖች ተደርድረዋል፤ እጀታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ እጃቸውን እንዳይቆርጣቸው። «ምንጩን ያደረቅኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ዲጂኖውን ነገርኳት፣ ዓርቡን ነገርኳት። «የምትጠጪው የነበረው ሐጂ በእጃቸው ተሸክመው የሚሞሉትን ነው። ለአበባው ጠብታ አልሰጡትም።»

አንዱን ጄሪካን በእጇ ነካችው። ባዶ ነበር፤ ተገለበጠ።

«እኔ እኮ ረገምኳቸው» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «አሁን የት ሄጄ ነው ይቅር በሉኝ የምል?» እንደ ነገሩ ያለችው አልነበረም። መልስ ፈልጋ ጠይቃኝ፣ ፊቴን እያየች ጠበቀች።

ደግሞ የኔ ነገር፣ አፌ አያርፍም፤ «እኔንስ ይቅር ትይኛለሽ ጫልቱ?» አልኳት።

«አንተ በዚህ መንገድ መምጣት ተውክ፣ ተገላገልክ» አለችኝ። «እኔ በየቀኑ መጥቻለሁ። በየቀኑ ነው ፊቴን ያዞርኩባቸው።»

ከዚያ ወጣች። ተከተልኳት። ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ገመዱን ደረቷ ላይ አጠበቀች። ልረዳት እጄን ስዘረጋ፣ «አትንካኝ» አለች። ብድግ አለችና ቁልቁለቱን ጀመረች። ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። እስክትታጠፍ ድረስ ቆሜ አየኋት፣ ዞራም አላየችኝ።